ለሰርጉ ብር ሊያመጣ ወርዶ ትኩሳት ይዞ ወጣ

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር... ብቻ እንዳይስቁብኝ!»

እንዲህ ያለችኝ የ21 ዓመት ወጣት ናት። ለሥራ ጎንደር ደርሼ፣ እግረ መንገዴን ደባርቅ ድረስ ዘልቄ ነበር። ደባርቅን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ጋቢ እንዳልያዝኩ ያስታወቀብኝ መሰለኝ፣ ልጅቷ ሳልጠይቃት ትኩስ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ስትሰማ ደግሞ ብርጭቆውን አስቀምጣም አልሄደችም። ዙሪያዋን ገልመጥ ገልመጥ አደረገችና ነው ያንን ያለችኝ።

አልሳቅሁም። እናንተም ብትሆኑ አትስቁም።

ልጅቷ የዛሪማ ልጅ ናት። ዛሪማ ማለት ከደባርቅ ተነስታችሁ፣ ያንን ጣሊያን የቆረጠውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ድብ ባሕርን አልፋችሁ፣ አዲ አርቃይ ሳትደርሱ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። ላይ ጋቢ፣ ታች ስስ ሸሚዝ! በአንድ መንገድ ላይ ሁለት አገር ነው። እጮኛዋም የዚያው ልጅ ነው፣ ዕድሜው 24። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ስሟስ? ስሙስ? ስማቸው ምን ያደርግላችኋል! ይህ ገጽ ስም አያወጣም። የእነሱ ጉዳይ ግን የብዙዎቻችን ጉዳይ ስለሆነ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ለጥር የተቆረጠ ሰርግ

ሰርግ ብር ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ ብር የለውም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሽርጥና ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ወደ ጎንደር ወጥቶ፣ ከዚያ በሳንጃ በኩል ወደ ሑመራ ወረደ። መጀመሪያ የሰሊጥ አረም፣ ቀጥሎ አጨዳ። ሰሊጥ እንደምታውቁት ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በሂላ ሂላ እየቆመ እስኪደርቅ ድረስ ሠራተኛው ከእርሻው አይለይም። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ሜዳ ላይ እንቅልፍ።

ኅዳር ላይ ተመለሰ። ለእርሷ ሻርፕ፣ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጫማ ገዝቶ፤ የቀረውን ብር በቀበቶው ውስጥ ሰፍቶ። «ጠቆር ብሎ፣ ከሳ ብሎ፣ ግን ደስ ብሎት መጣ» አለችኝ። ያን ሰሞን እናቷ የጠላውን ጌሾ መውቀጥ ጀምረው ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ትኩሳት ጀመረው።

«ወባ ነው» አሉ ሁሉም። መድኃኒት ተገዛለትና ዋጠ። ሁለት ቀን ተሻለው፣ በሦስተኛው አገረሸበት። በሰፈሩ ካለ የጤና ተቋም ሄደ፤ «ወባ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ሌላ መድኃኒት ተሰጠው። አልተሻለውም። ጠበል ተወሰደ፤ ሁለት ሱባዔ ቆየ። ከፊቱ ሥጋው አለቀ፣ ሆዱ ደግሞ በግራ በኩል ተነፋ። ጥር መጥቶ ጥር አለፈ። ሰርጉ ቀረ። ያ በቀበቶ የመጣ ብርም በመድኃኒትና በመኪና አለቀ።

ይኼኔ ነው ወሬው የተነሳው። ወሬ መቼም እግር አለው፣ ሊማሊሞን ከአውቶቡሱ በፊት ይወጣል። «ሑመራ ሴት ይዞ ነው፤ ያንን በሽታ ይዞት ነው የመጣው» አሉ። አባቷ ሰሙ። «ልጄን ለሬሳ አልድርም፤ ቀለበቱን መልሺ!» ብለው ፎከሩ።

«እኔ ምን ላድርግ? ብመልስ እሱን ከነሕይወቱ መቅበር ነው። ባልመልስ ደግሞ... እኔም ወጣት ነኝ ጋሼ፣ መሞት አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ሻዬ ቀዘቀዘ።

ለምን ወረደ?

አንዳንዶቻችሁ «ምን አስኬደው? እዚያው አያርስም ነበር?» ማለታችሁ አይቀርም። እስቲ እንየው።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ቦታ የእርሻ መሬት እንደገና ተሸንሽኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ሽንሸና አልተደረገም። ይህ ልጅ ያኔ ገና አልተወለደም! እርሱና የእርሱ ዕድሜ ልጆች መሬት የሚያገኙት ወይ ከአባታቸው ተካፍለው ነው፣ ወይ ተከራይተው፣ ወይ በእኩል አርሰው። አባቱ አምስት ልጆች አሏቸው። አንዱን ማሳ ለአምስት ብትከፍሉት ምን ይደርሳል? «ለአንድ በሬ መዞሪያ እንኳ አይበቃም» ይባላል እንጂ።

ስለዚህ ደጋው ሲጠብ ሰው ወደ ቆላ ይወርዳል። ሰፋፊዎቹ የሑመራና የመተማ እርሻዎች ደግሞ በአረምና በአጨዳ ወቅት ሰው ይጠማቸዋል። በዚያ አካባቢ ሠራተኛውን «ሳሉግ» ይሉታል። ከሰሜን፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደዚያ ሲጎርፍ የኖረው ለዚህ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ በማምጣት ስማቸው ከሚጠሩት አንዱ ነው። እኛ ከተማ ተቀምጠን «ኤክስፖርት አደገ» ሲባል እናጨበጭባለን። ያ ኤክስፖርት ግን ማታ ማታ ሜዳ ላይ የሚተኛ ጀርባ አለው።

ለነገሩ ከዚያ አካባቢ ሰው የሚነቀለው በመሬት ጥበት ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር የገባ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዝርዝሩ ወጣ። ለዋሊያው ጥሩ ዜና ነው። ትናንት ገብስ ያርስና በግ ያረባ የነበረ ገበሬ ግን በአንድ ጀምበር የከተማ ሰው ሆነ። ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 መግቢያ ጦርነቱ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል ስንቱ ቤቱን ዘግቶ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሽቅብ ተሰደደ። አንድ ዓመት ሰሊጥ ያወርደዋል፣ አንድ ዓመት ጥይት ያወጣዋል። የዚያ አገር ሰው ሊማሊሞን እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ነው የኖረው።

ዛሪማ ወባን ታውቃለች፣ ይህን ግን...

አሁን ወደ በሽታው። የዛሪማ ሰው ወባን ያውቃታል፤ ጎረቤቱ ናት። ትኩሳት በመጣ ቁጥር «ወባ» ማለቱ አይፈረድበትም። ችግሩ ትኩሳት ሁሉ ወባ አለመሆኑ ነው።

የልጁ ሕመም ካላዛር ነበር። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነፍሳት ናት። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ስትበር ድምፅ የላትም፣ የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በዚያ ቆላ የምትወደው ቦታ የት መሰላችሁ? በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ መሬትና የግራር ዛፍ አካባቢ! ሳሉጉ ደግሞ ቀን ሲሠራ የሚውለው በዚያ ዋልካ ላይ፣ ማታ የሚጋደመው ከዚያ ግራር ሥር። አያችሁ ነገሩ እንዴት እንደተገጣጠመ? ባለሀብቱ ከተማ ውስጥ በቤቱ ይተኛል፣ ሠራተኛው ከዝንቧ ጋር። ሁለቱም የሰሊጥ ሰዎች ናቸው፤ በሽታው የሚይዘው ግን አንዱን ነው። እንግዲህ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች «የጤና ኢፍትሐዊነት» የሚሉት ሌላ ምንም አይደለም፣ ይኸው ነው።

በሽታው ወዲያው አይወጣም። ከተነከሱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተደብቆ ይቆያል። ለዚህ ነው ሰው እርሻ ላይ ሆኖ ሳይሆን አገሩ ገብቶ የሚታመመው። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት፣ የደም ማነስ፣ በግራ ጎን ያለው ጣፊያ ማበጥ፤ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ካልታከመ ከ100 በሽተኛ ከ95 በላዩን ይገድላል። በጊዜ ከታከመ ግን አብዛኛው ይድናል!

ዕውቀቱም አዲስ አይደለም። በመተማና በሑመራ የቀን ሠራተኞች ላይ ስለ ካላዛር የተደረገ ጥናት የታተመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው! ታዲያ ያ ዕውቀት ዛሪማ ሳይደርስ ምን አቆየው? በእግሩ ቢመጣ እንኳ ስንቴ ደርሶ በተመለሰ ነበር።

የሊቦ ከምከም ትምህርት

ይህ ስህተት ከዚህ ቀደም አንድ ወረዳ ሙሉ አስለቅሷል። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሊቦ ከምከም የሚባል ወረዳ አለ። አገሩ ወይና ደጋ ነው፤ ካላዛር ታይቶበት አያውቅም ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ግን ሰው በትኩሳት ይረግፍ ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረችው ያችው የፈረደባት ወባ ነበረች፤ «መድኃኒት የለመደች ወባ መጣች» ተባለ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ የሕክምና ጣቢያ ተከፈተና በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታከሙ።

እንዴት እዚያ ደረሰ? ባለሙያዎቹ በዋናነት የጠረጠሩት ወደ ሑመራና መተማ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ነው። ልጅ ለቤተሰቡ ብር ሊያመጣ ሄዶ፣ ሳያውቅ ለመንደሩ በሽታ ያመጣል። ልብ በሉ፣ ጥፋተኛው ልጁ አይደለም። እርሱ በሽታውን ገንዘብ ከፍሎ አልገዛውም። ያለ አጎበርና ያለ ምርመራ የላከውም የመለሰውም ኑሮው ነው።

ዳባት ላይ ሰው የሚቆጥሩት

ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስትመለሱ ዳባትን ታልፋላችሁ። ብዙዎቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተናት እናልፋለን። ዳባት ግን በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ በውጭ አገርም የሚታወቅ ወረዳ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. እዚያ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አቋቋመ። ከደጋው፣ ከወይና ደጋውም ከቆላውም ቀበሌዎች ተመርጠው መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ። ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን አገባ? ማን ከቤት ወጣ፣ ማን ገባ?

«ይህ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ብዙ ያደርጋል እንጂ! በገጠር አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፣ የሐኪም ወረቀት የለውም። መረጃ ሰብሳቢው ሐዘኑ ከበረደ በኋላ ይመጣና ቤተሰቡን ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ቆየ? ሳል ነበረው? ሆዱ አብጦ ነበር? ከዚያ ሐኪሞች መልሱን አይተው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። «አምላክ ወሰደው» ተብሎ የተዘጋው ዶሴ እንደገና ይከፈታል ማለት ነው። የሞተውን ባይመልስም ቀጣዩን ያድናል።

ጎንደር እንዲህ ያለ ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘችው ዛሬ አይደለም። የጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት አንዱ ምክንያት በደምቢያ በኩል የተነሳው ያ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች በየአውራጃው ተሰማርተው አገር አገልግለዋል። በሽታ ነው ትምህርት ቤቱን የወለደው።

ቁጥር ስታነቡ ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ዕድገታቸው የቀነጨረ ነበር፤ በአገር ደረጃ 38፣ በአዲስ አበባ ግን 15። በዚያው ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከ100 ወሊድ 97ቱ በጤና ተቋም ሲሆን በአማራ ክልል 27 ብቻ። አንድ አገር፣ አንድ ባንዲራ... ግን የተወለድክበት ቦታ ቁመትህን ሳይቀር ይወስንልሃል! እርግጥ ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹ ተሻሽለዋል። ርቀቱ ግን ገና አልጠፋም።

ሴቶቹስ?

ወንዱ ወደ እርሻ ሲወርድ ሴቷ ወደ ከተማ ትወጣለች። ያቺ ሻይ ያመጣችልኝ ልጅ ራሷ ምሳሌ ናት። በ14 ዓመቷ ሊድሯት ነበር። «አልቅሼ፣ አክስቴ ቤት ደባርቅ ገብቼ ተረፍኩ» አለችኝ። ታላቅ እህቷ ግን አልተረፈችም። በ13 ዓመቷ ተዳረች፣ በ16 ዓመቷ ፈታች፣ ልጇን ለእናቷ ሰጥታ አዲስ አበባ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። ዛሬ የማን ቤት እንዳለች እንጃ። የእናንተ ቤት ትሆናለች!

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ ያበቃሉ፤ ከሚፈቱት ሴቶች ደግሞ ከሦስት ሁለቱ የሚፈቱት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። ጥናቱ ከምክንያቶቹ መካከል ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ልጅ ማጣትን ይጠቅሳል። ሕጉ ግልጽ ነው። በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ለሴትም ለወንድም የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ እስከ ሰባት ዓመት፣ 13 ሞልቷት ለአካለ መጠን ያልደረሰችውን ያገባ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሕጉ ከወረቀቱ ላይ ወርዶ ሊማሊሞን እስኪያቋርጥ ድረስ ግን ስንት ልጅ ታልቅስ?

ብቻ እንዲህ ነው የሚያያዘው። መሬት ሲጠብ አባት ሴት ልጁን ቶሎ ይድራል፣ ወንድ ልጁ ቆላ ይወርዳል። የተዳረችው ትፈታና ከተማ ትገባለች። የወረደው ታሞ ይመለሳል። ሁለቱ ልጆች መልሰው ሲገናኙ አንዷ ልቧ፣ አንዱ አካሉ ቆስሎ ነው።

ምን አልኳት?

መምከር መቼም ቀላል ነው። እኔም ሐኪም አይደለሁም። ያልኳትን ግን ልንገራችሁ፣ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፣ «ቀለበቱን ዛሬ አትመልሺ፤ መጀመሪያ ይመርመር» አልኳት። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ያለበት፣ ከሑመራ ወይም ከመተማ የመጣ ሰው ለሐኪም ሁለት ነገር መናገር አለበት፤ የት እንደነበረና ስንት ቀን እንደታመመ። ብዙ ሰው «የት ነበርክ?» ካልተባለ አይናገርም፤ አንዳንዱ ሐኪምም አይጠይቅም። አንዷ ዓረፍተ ነገር፣ «ሰሊጥ አጨዳ ነበርኩ» የምትለዋ፣ ነፍስ ታድናለች። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ መመርመሪያ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ፤ መድኃኒቱም በመንግሥት የሕክምና ማዕከላት በነጻ ነው።

ሁለተኛ፣ ካላዛር ከሰው ወደ ሰው በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ዝንቧ መሐል መግባት አለባት። ስለዚህ በሽተኛውን ለብቻው ጎጆ ቀልሶ ማስቀመጥ፣ ሰሐኑን መለየት... ይህ ሁሉ ከንቱ ጭካኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ኤችአይቪን በወሬ አትፍረዱ፤ በምርመራ ነው የሚታወቀው። ካላዛርም እንደዚያ ያከሳል። አንዳንድ ሰው ላይ ሁለቱም አብረው ስለሚገኙና አንዱ ሌላውን ስለሚያባብስ የካላዛር በሽተኛ ኤችአይቪ ይመረመራል። «እሱ ብቻ ሳይሆን አንቺም ተመርመሪ፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ» አልኳት። ለመጋባት ያሰበ ሰው ሁሉ እንዲያ ማድረግ ነበረበት። መድኃኒት በሚወሰድበት በዛሬ ጊዜ ደግሞ ኤችአይቪም ቢሆን የሞት ፍርድ መሆኑ ቀርቷል።

አራተኛ፣ ጠበሉን አትከልክሉት፤ ግን ጠበልና መርፌ አይጣሉም። ጠበል ቤት ያሉ አባቶች ራሳቸው «ልጄ ታከም» ሲሉ የሰማሁበት ጊዜ አለ። ጠበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱን ይውሰድ።

አምስተኛ፣ ዘንድሮም የሚወርድ ወንድም፣ ያጎት ልጅ፣ የሰፈር ጓደኛ ያላችሁ ቀዳዳው ጠበብ ያለ አጎበር ግዙለት። ከእናንተ ለአንድ ምሽት መዝናኛ የሚወጣው ብር ነው! ከግራር ሥርና ከተሰነጣጠቀ መሬት ርቆ እንዲተኛ ንገሩት። ሲመለስ ደግሞ «ስንት ብር አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ትኩሳት ነበረብህ?» በሉት።

ከዚያስ?

ልጅቷ አዳመጠችኝ። ምንም አላለችም። ብርጭቆውን አንስታ ሄደች። እኔም ወደ ጎንደር ተመለስኩ። እውነቱን ልናገር፣ የምትሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።

ከወር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ያቺው ናት!

አባቷን ሳታስፈቅድ፣ ከወር ደሞዟ ላይ ተበድራ፣ ዛሪማ ወርዳ ልጁን ከእናቱ ጋር ጎንደር ወሰደችው። ካላዛር ነው ተባለ። በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ፣ 17 ቀን። ሁለቱም ኤችአይቪ ተመረመሩ፤ ሁለቱም ነፃ ሆኑ። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ እንጀራ በላ። «እናቱ ሲበላ አይተው እልል አሉ ጋሼ፣ ዋርዱ በሙሉ ዞሮ አያቸው» አለችኝ እየሳቀች።

«አባትሽስ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «አባባ እስካሁን አላናገሩኝም። ያለ ፈቃዴ ወንድ ተከትለሽ ሄድሽ ይላሉ። ሽማግሌ ልከናል።»

«ሰርጉስ?»

«ብሩ አልቋል፣ የኔም ዕዳ አለ። እሱ ዘንድሮም ሑመራ ልውረድ ይላል... አልለቀውም አልኩት። እኔ የምፈልገው ሰው ነው እንጂ ድንኳን አይደለም። ሽማግሌው ከታረቀልን ምስክር ይዘን ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን።»

እነሆ የ21 ዓመት ልጅ፣ ለሰርግ ብሎ ዕዳ ውስጥ ለሚዘፈቀው ከተሜ ሁሉ ይህን አስተማረችው!

ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩ አላለቀም። ልጁ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት፤ በሽታው አንዳንዴ ስለሚያገረሽ። አባትየውም ገና አልታረቁም። መሬቱም አልሰፋም፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ ልጅ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሊማሊሞን ሽቅብ ይወጣና ወደ ሰሊጡ ቁልቁል ይወርዳል። ምናልባት የእናንተን ቤት ወለል የምታጸዳው ልጅ ወንድም ይሆናል። እስቲ ዛሬ ማታ ቡና ስታፈላ ጠይቋት፤ «ወንድምሽ የት ነው? ደህና ነው?» በሏት። መልሷ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

ሽማግሌው እንዲሳካላቸው እየተመኘን፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት!